ፓምፑ ያላለውን ስልኩ አይበል

ጥያቄ፦ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥ ኢንፊውዥን ፓምፕን በብሉቱዝ የሚቆጣጠር የሞባይል አፕ እየሠራን ነው። ነርሷ ፍጥነቱን ቀይራ «ላክ» ስትል ስክሪኑ ወዲያው አዲሱን ቁጥር ያሳያል፤ ፓምፑ ግን አንዳንዴ በድሮው ፍጥነት ይቀጥላል። የት ተሳሳትን?

መልስ፦ ስክሪናችሁ የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አያሳይም። በትልቁ የሚጻፈው ፓምፑ ራሱ ያሳወቀው ፍጥነት ብቻ ይሁን፤ ከሥሩም የተነበበበት ሰዓት ይግባ። የታዘዘው ለብቻው፣ ደብዘዝ ብሎ «12 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ ማረጋገጫ እየተጠበቀ» ተብሎ ይቀመጥ።

ዋናው ጣጣ ግን ትእዛዙ ላይ ነው። ፓምፑ ትእዛዙን ፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋ አፑ ደግሞ ይልካል። ትእዛዙ «2 ጨምር» ከሆነ 4 ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ «12 አድርግ» በሉት፤ ተራ ቁጥርም ስጡት፣ ፓምፑ የፈጸመውን ቁጥር ዳግም እንዳይቀበል። ጥቂት ሰከንድ ካለፈውም ይሰረዝ፤ አለዚያ ግንኙነቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ያረጀ ትእዛዝ ሁኔታው በተለወጠ ታካሚ ላይ ይፈጸማል።

«ተገናኝቷል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አትመኑት። ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ (ጥቂት ኃይል የሚፈጀው የብሉቱዝ ዓይነት) ግንኙነት መቋረጡን ለማወቅ፣ እንደ ቅንብሩ፣ እስከ 32 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል። ፓምፑ በየሰከንዱ ሁኔታውን ይላክ፤ ሦስት ተከታታይ ከቀረ ቁጥሩ ይደብዝዝና «ግንኙነት የለም» ይባል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ ይቁም የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። የደም ግፊቱ በመድኃኒት ተደግፎ ላለ ታካሚ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ነው። በመጨረሻ በተረጋገጠው ፍጥነት ይቀጥል፤ ማቆሚያው አዝራርም ምንጊዜም ፓምፑ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱን ስክሪኑ ላይ በጣት በሚጎተት ተንሸራታች ብናስመርጥ አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል፤ ጓንት ያጠለቀ ጣት ግን 12ን አልፎ 17 ላይ ይቆማል። የቁጥር ሰሌዳ ይሻላል። አጻጻፉም ይጠበቅ፦ «5.0» ነጥቡ ካልታየ 50 ነው፣ «.5» ደግሞ 5። «5» እና «0.5» ብላችሁ ጻፉ። ከተለመደው መጠን የራቀ ቁጥር ሲገባ «እርግጠኛ ነዎት?» ብቻ አይበቃም፤ ሰው ሳያነበው ይጫነዋል። ቁጥሩን እንደገና አስጽፉ።

ጥያቄ፦ ማንቂያው በስልክ ብቻ ቢጮህስ?

መልስ፦ አይሆንም። ስልክ ድምፁ ይጠፋል፣ ባትሪው ያልቃል። አንድሮይድም ከ6.0 ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ስልክ ላይ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ያስተኛል። ማንቂያው ከፓምፑ ይጩህ፤ የስልኩ ተጨማሪ ነው።