የስቴም ሴል ሕክምና ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ ሲጋራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሳንባቸው ግን ክፉኛ ተጎድቷል። ጫማቸውን ለማሰር ሲያጎነብሱ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንድ ክሊኒክ «በስቴም ሴል መርፌ ሳንባቸው ይታደሳል» ስላለን ቤታችንን ልንሸጥ ነው። አንድ ዘመዳችን ግን «የፈጣሪን ሥራ መዳፈር ነው» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መታከም እምነት ማጣት አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ስቴም ሴል ማለት እየተባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል የሰውነት ሴል ነው። መጠየቅ ያለበት ሴሉ ከየት እንደ መጣ ነው። ከአባትሽ ከራሳቸው መቅኔ ወይም ስብ ከተወሰደ ነውሩ አይታየኝም። የደም ካንሰር ሕሙማን የሚድኑበት የመቅኔ ንቅለ ተከላ እኮ የስቴም ሴል ሕክምና ነው። ከፅንስ ከሆነ ግን አይሆንም። ኤርምያስን «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ያለው አምላክ የሚያውቀውን ሕይወት አጥፍተን ሌላውን አናድንም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቤታችሁ ነው። የአባትሽ ሕመም ሲኦፒዲ (COPD) የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከሲጋራ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ይመስላል። በዚህ በሽታ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ይፈርሳል። የፈረሰውን መልሶ የሚገነባ መርፌ እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 62 ሕሙማን ተካፍለው ነበር። ከፊሎቹ ሴሉን፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። ሴሉን የወሰዱት የሳንባ አቅም ከሌሎቹ አልተሻለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለዚህ በሽታ ያጸደቀው የስቴም ሴል ሕክምና የለም።

ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት አስቢ። ማርቆስ ሐኪም ዘንድ በመሄዷ አይወቅሳትም፤ ገንዘቧን ሁሉ ጨርሳ እንደ ባሰባት ግን ሳይጽፍ አላለፈም። ክሊኒኩን «ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር ከሆነ ለምን ታስከፍሉናላችሁ?» በይ። መልሳቸው ከተንዛዛ ውጪ።

አባትሽን የሳንባ ሐኪም ይያቸው። የሚሳብ መድኃኒት፣ የትንፋሽ ልምምድ፣ የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት፣ ካስፈለገም ኦክስጅን አለ። ሳንባውን አዲስ አያደርጉትም፤ ጫማ እስኪያስሩ ድረስ ግን ፋታ ሊሰጡ ይችላሉ። ጠበሉንም ጸሎቱንም አትተዉ፤ መድኃኒቱን ግን ለጠበል ብለው እንዳያቋርጡ አደራ።

ስለ ስግደቱ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ቆመው ማስቀደስ ካቃታቸውም ይቀመጡ፤ ማንም አይቆጣቸውም።