ተማሪው ተመዝግቧል፣ ኮርሶቹ ግን የሉም

እህቴ፣ ለገጣፎ ላለ ማሠልጠኛ በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) የምዝገባ ሲስተም እየሠራሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ፎርሙን ሴቭ ስታደርጊ ተማሪው ይገባል፣ የመረጥሽለት ኮርስ ግን አንዱም የለም። ኤረርም አይወጣም። «ዳታቤዙ ነው ወይስ እኔ?» ብለሻል።

ዳታቤዙ ጤነኛ ነው። ኮድሽ ላይ ፎርሙን በኮሚት ፎልስ (commit=False፣ «ገና ዳታቤዝ ላይ አትጻፍ» ማለት ነው) ይዘሽ፣ የመዝጋቢውን ስም ሞልተሽ፣ ተማሪውን ሴቭ አድርገሻል። እስከዚህ ልክ ነው። የቀረችሽ አንዲት መስመር ናት። ከተማሪው በኋላ ፎርሙ ላይ «ሴቭ ኤም ቱ ኤም» (save_m2m) የሚለውን ጥሪ። ኮሚት ፎልስ ስትዪ ጃንጎ ኮርሶቹን ይዞ ይጠብቃል፤ ጻፍ ካላልሽው ዝም ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተማሪ ቴብል ላይ ኮርስ የሚባል ኮለም የለም። ጃንጎ ከጀርባ ሦስተኛ ቴብል ሠርቷል፤ እያንዳንዱ ረድፍ የተማሪውን አይዲና የኮርሱን አይዲ ይይዛል። ተማሪው አይዲ ሳያገኝ እዚያ የሚጻፍ ነገር የለም። ሴቭ ያልተደረገ ተማሪ ላይ ኮርስ «አድ» (add) ብትዪ ቫልዩ ኤረር የሚወረውርብሽም ለዚህ ነው። ጃቫ ላይ ላላችሁ ደግሞ፦ ሃይበርኔት (የጃቫው የዳታቤዝ ላይብረሪ) የሚያየው የግንኙነቱን ባለቤት ጎን ብቻ ነው። ማፕድ ባይ (mappedBy) ያለበት፣ ማለትም ባለቤት ያልሆነው ጎን ላይ ብቻ ከጨመራችሁ እሱም ያለ ኤረር ዝም ይላችኋል።

የአንቺ ችግር በዚህ ይፈታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፣ የማስተካከያው ገጽ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ላይ የእድሮች አባላት መዝገብ ተረክቤ ነበር። እዚያ ሰፈር ሰው አንድ እድር ብቻ የለውም። የብሎኩ አለ፣ የሴቶች አለ፣ ከመሀል ከተማ ሲወጣ ያልተወው የድሮ ሰፈሩም አለ። የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ስትገባ ገጹ የሚያሳያት የራሷን እድር ብቻ ነው። እሰየው። ግን ኮዱ ሴቭ ላይ «ሰት» (set) ይል ነበር። «ሰት» ማለት ከሰጠሁህ ዝርዝር ውጭ ያለውን በሙሉ አጥፋ ማለት ነው። ገንዘብ ያዧ የአንዲት እናት ስልክ ቁጥር ልታርም ገብታ፣ ሳታውቀው ከብሎኩ እድር አስወጣቻቸው። የታወቀው መዋጮ ሰብሳቢው ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ሲያጣ ነው። መልሶ ማስገባቱም ቀላል አልነበረም፤ በእድሩ ደንብ አዲስ አባል ሙሉ ክፍያ ለማግኘት መቆየት አለበት፣ የገቡበት ቀን ደግሞ ከረድፉ ጋር ጠፍቷል።

ስለዚህ ፎርምሽ ኮርሶችን በቅርንጫፍ ወይም በፈረቃ የሚያጣራ ከሆነ «ሰት»ን እርሺው። የሚታዩትን ብቻ አወዳድሪና በ«አድ» እና በ«ሪሙቭ» ሥሪ። ላራቬል (የፒኤችፒው ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ «ሲንክ»ም (sync) ያው ነው፤ እዚያ ሳያጠፋ የሚጨምር ሌላ ጥሪ አላቸው።

ሌላው ክፍያ ነው። «በኋላ በየኮርሱ የከፈለውን እጨምራለሁ» ብለሻል። ብሩ የተማሪውም የኮርሱም አይደለም፣ የምዝገባው ነው። መሀል ያለውን ቴብል ራስሽ ሞዴል አድርጊው፣ ምዝገባ በዪው፣ ተማሪው ላይ ባለው የኮርሶች ፊልድ «ትሩ» (through፣ «በዚህ ሞዴል በኩል» ማለት ነው) ብለሽ ስጪው። ከጃንጎ 2.2 ጀምሮ እንዲህ ላለ ሞዴልም «አድ» እና «ሰት» ይሠራሉ፤ ተጨማሪውን ዳታ በ«ትሩ ዲፎልትስ» (through_defaults) ትሰጫለሽ። ነገር ግን ቀድሞ ያለውን ረድፍ አይነካም። ክፍያው ተቀየረ ብለሽ ደግመሽ ብትልኪ የድሮው ብር እንዳለ ይቀመጣል። እኔ በበኩሌ አቋራጩን ትቼ ምዝገባውን በቀጥታ «አፕዴት ኦር ክሪኤት» (update_or_create፣ ካለ አድስ፣ ከሌለ ፍጠር) እላለሁ። ኮዱ ቢረዝምም የሚያደርገው ይታያል። ተማሪና ኮርስ ላይ ዩኒክ ኮንስትሬይንት (ያው ጥንድ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ገደብ) አትርሺ፤ ራስሽ የሠራሽው ሞዴል ላይ ጃንጎ አያስገባልሽም። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሴቭን ሁለቴ የማይጫን መዝጋቢ አላየሁም።

ሁሉንም በትራንዛክሽን አቶሚክ (transaction.atomic) ጠቅልዪው። ሲስተሙ ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ግድ ነው፤ መብራቱ በተማሪውና በኮርሶቹ መካከል እልም ሊል ይችላል። ከጠቀለልሽው ግን ወይ ሁሉም ይገባል ወይ ምንም።

ለተማሪው ኤስኤምኤስ እልካለሁ ያልሽውን ፖስት ሴቭ ሲግናል (post_save፣ ተማሪው ሴቭ እንደተደረገ ጃንጎ የሚያስነሣው ጥሪ) ላይ እንዳታደርጊው። እሱ የሚነሣው ኮርሶቹ ከመጻፋቸው በፊት ነው፣ ባዶ ዝርዝር ይሄዳል። በጃንጎ አድሚን ገጽ ላይ ከሆነ ኮርሶቹን የሚጽፈው «ሴቭ ሪሌትድ» (save_related) ካለቀ በኋላ አድርጊው።

የምዝገባ ሞዴሉን ግን ዛሬውኑ ሥሪው። ቴብሉ ከተፈጠረ በኋላ «ትሩ» ልጨምር ብትዪ ጃንጎ ማይግሬሽኑን (የቴብሉን ለውጥ ዳታቤዙ ላይ የሚፈጽመውን ፋይል) እምቢ ይላል፣ በእጅ መጻፍ ይመጣል። አሁን የሙከራ ዳታ ብቻ ስለሆነ ያለሽ የድሮውን ፊልድ አጥፍተሽ እንደ አዲስ መጨመር ይበቃሻል። ከተጣበቀብሽ ኤረሩን እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ አየዋለሁ።