«ጀልባ ነበረን»

ባለፈው ሳምንት አንድ የባሕር ዳር ልጅ ከአሜሪካ ጻፈልኝ። የሚማረው የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ በተሰጠው የትምህርት ዕርዳታ ነው። «ጋሼ፣ ፎርሙን ስሞላ አባቴ ደሞዝተኛ ነበር። አሁን ጡረታ ወጣ። ብነግራቸው ለማኝ እመስላለሁ?» ይላል።

ልጄ፣ በ2008 ዓ.ም. ፎርም መርማሪው እኔ ነበርኩ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ለተቸገሩ ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ የሚሰጥ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። አንዲት ልጅ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ዳር፣ ከፎገራ መጥታ አመለከተች። «ንብረት» ከሚለው ፊት በእርሳስ «ጀልባ ነበረን» ብላለች። የተያያዘው የቀበሌ ወረቀት ግን የዓመት ዕድሜ አለው፤ «ባለ ጀልባ» ይላል። እኔ ማኅተም ያለበትን አመንኩ። «ነበረን» የምትለውን አይቻታለሁ፤ የአጻጻፍ ስህተት መሰለችኝ። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች በር ላይ ቆማለች።

«ሌላ የምትይው አለ?»

«የለም።»

በቀይ እስክርቢቶ «ንብረት አላቸው» ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከወራት በኋላ ሐይቁ ዳር ቆረሶ ዓሣ ስገዛ የዚያው አገር ሰው አጫወተኝ። እምቦጩ መረብ አላስጥል ሲላቸው አባትየው ጀልባዋን ሸጠዋታል፤ ልጅቷ ከማመልከቷ በፊት። እሷም ትምህርቷን ትታ አገሯ ገብታለች። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኛ በባሕር ዳር በኩል ስላላየነው የሌላ ሰው ወሬ አድርገነው ነበር። ዓሣውን ሳላስመዝን ሄድኩ።

ወደ አንተ ልምጣ። የአሜሪካው የፌዴራል ዕርዳታ ፎርም የሚጠይቀው የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ነው። በመሃል ሥራ ያጣ ሰው ማስረጃ አያይዞ ለኮሌጁ ይጽፋል፤ ኮሌጁም እንደገና ማየት ይችላል። አንተ የውጭ ተማሪ ስለሆንክ ያ ፎርም አይመለከትህም፤ የምትጠይቀው የኮሌጅህን ደንብ ነው። ግን ወረቀት ከኑሮ እንደሚዘገይ እነሱም ያውቃሉ። የአባትህን የጡረታ ደብዳቤ አስተርጉመህ ላክ። ይጨምሩልህ አይጨምሩልህ ቃል አልገባልህም።

ገቢ ሲጨምርም እንዲሁ ይነገራል። በአንተ ዕድሜ ይህን አደርግ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

የዘንድሮ ልጆች የበላችሁትን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ቤት የጎደለውን ለመናገር ግን ታፍራላችሁ። እኛም እናፍር ነበር እንግዲህ።

ደብዳቤውን ከመላክህ በፊት አሳየኝ። «ነበር» ያልክበት ቦታ ሁሉ ቀኑን ጻፍበት።