የዓሣው ጭንቅላት ወደየት ዞሯል?

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምታሳዩኝን ፎቶ ሁሉ አያለሁ። ከእኛ ዘመን ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ እኛ በአንድ ጥቅል ፊልም 36 አንስተን ሁለቱ ቢሳኩ ድግስ ነበር። ነገር ግን «ወፉ ምን እያደረገ ነበር?» ብዬ ስጠይቃችሁ ስለ ሌንሱ ትነግሩኛላችሁ። ስለዚህ ሳሎኔ ውስጥ ስለተሰቀለው ፎቶ ላውጋችሁ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ያንን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ ያውቀዋል። ከውሃው በላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፤ ከዚያ ምንቃሩን አስቀድሞ ቁልቁል ይወረወራል። ደረቱን የሚያቋርጠው ጥቁር መቀነት ሁለት ከሆነ ወንድ፣ አንድ ከሆነ ሴት ነው። ጎጆውን የሚሠራው ዛፍ ላይ ሳይሆን የዳርቻውን አፈር ቆፍሮ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ካለ የአፈር ገደል ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዱ ወንድ ዓሣ ይዞ ፊት ለፊቴ ደረቅ እንጨት ላይ አረፈ። ዓሣውን እንጨቱ ላይ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። አሁን ይውጠዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዋጠም። ብድግ ይላል፣ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ፊልሜን ጨረስሁበት። ፎቶው ተወደደልኝ፤ እኔም ስለ ትዕግሥቴ ሳወራ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን በደንገል ታንኳ የሚያሰግር ወጣት ቤቴ ዓሣ ሊያደርስ መጥቶ ፎቶውን ትክ ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ጫጩት ሊያበላ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«የዓሣውን ጭንቅላት ይዩት። ለራሱ ቢሆን ወደ ጉሮሮው ያዞረው ነበር፤ አለዚያ እሾሁ ይወጋዋል። ወደ ውጭ ካዞረው ለሌላ አፍ ነው።»

ጉድጓዱ ከእግሬ ሥር ነበር ማለት ነው። ወፉ የቆመው ለካሜራዬ መስሎኝ ነበር፤ እስክሄድለት እየጠበቀ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ ስደርስ ካሜራውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቦርሳው አላወጣም። ምግብ ይዞ የሚመላለስ ወፍ ካየሁ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ጉማሬም እንዲሁ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ግድም ጉማሬ አፉን ሲበረግድ «አዛጋ!» እያላችሁ ጀልባ ነጂውን «ቅረብልን» የምትሉ አላችሁ። አላዛጋም፤ ክራንቻውን እያሳያችሁ ነው። ራቅ ብላችሁ ሰዓታችሁን ያዙ። ሲጠልቅ ቁጠሩ፤ ለመተንፈስ ብቅ ሲል መዝግቡ። አራት አምስት ጊዜ ከቆጠራችሁ በኋላ ጆሮው ከውሃው ሳይወጣ ሌንሳችሁ ይዘጋጃል። ሲመሽ ግን ሣር ሊግጥ ወደ ምድር ስለሚወጣ፣ በእርሱና በውሃው መካከል እንዳትገኙ። ለሚያምር ምሽት ብሎ መንገዱ ላይ የሚቆም ሰው አይቼ ጮኼ አውቃለሁ፤ ፎቶውን አበላሸህብኝ ብሎ ተቀየመኝ።

የዓሣ አንጀት እየወረወሩ ፔሊካን ስለ መሰብሰብ ብዙ አልልም። ፎቶ ይወጣዋል፤ የምታዩት ግን ዶሮ ሲቀለብ የምታዩትን ያህል ነው።

ያንን ፎቶ ከግድግዳው አላወረድሁትም። እንግዳ መጥቶ «ምን ያህል ቢታገሡ ነው!» ሲለኝ የዓሣውን ጭንቅላት አሳየዋለሁ።