ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ይበጃል ወይ? የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ወገብ ሕመምና ስለ አቀማመጥ ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወንበር ሳይሆኑ ስለ ፍራሽ ነበሩ። በፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥም ሕመምተኞች ልብሳቸውን እየለበሱ፣ እግራቸው ወደ በሩ ከዞረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው ስለሆነ አልተገረምኩም። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ አምስቱን መርጫለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ በታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር የ34 ዓመት የባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ። ወገቤን ካመመኝ አራት ወር አልፎኛል። ሐኪም ቤት ሄጄ የጡንቻ ነው ተብዬ ማስታገሻ ተሰጠኝ። የሰፈር ሰው ሁሉ «ስፖንጁን ጣለው፣ ደረቅ ነገር ላይ ተኛ» ስላለኝ አልጋዬ ላይ ቺፑድ ዘርግቼ፣ በላዩ ጋቢ አንጥፌ መተኛት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጠዋት ስነሣ ግን ወገቤ ከበፊቱ ብሶ ደርቆ አገኘዋለሁ፤ ትከሻዬም ያመኝ ጀምሯል። ልታገሥ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይተዉት። ጎረቤቶችዎን ግን አይውቀሱ፤ ይህን ምክር እኛ የጤና ባለሙያዎችም ለብዙ ዓመታት ስንሰጠው የኖርነው ነው። ጥያቄውን በወጉ ለመፈተን የተሞከረው ዘግይቶ ሲሆን፣ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ በስፔን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸው 313 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጠንካራ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸውና የትኛው እንደደረሳቸው ሳይነገራቸው 90 ቀን ተኙበት። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው የተሻለው ቢሆንም፣ አልጋ ላይ ሳሉም ሆነ ሲነሡ የሚሰማቸው ሕመም ይበልጥ የቀነሰላቸውና የዕለት ሥራቸው የቀለላቸው መካከለኛው ፍራሽ የደረሳቸው ነበሩ።

ምክንያቱን በራስዎ ገላ ላይ ሊያዩት ይችላሉ። ቺፑዱ ላይ በጀርባዎ ተኝተው እጅዎን በወገብዎ ሥር ቢያሳልፉት ወዲያና ወዲህ ያለ ችግር ይመላለሳል፤ ምክንያቱም ጣውላው የሚነካዎት መቀመጫዎንና የትከሻዎን አጥንት ብቻ ነው፣ ወገብዎ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ድጋፍ አጥቶ ይቀራል። የወገብ ጡንቻ ድጋፍ ካጣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይፈታ ያድራል። በጎንዎ ሲተኙ ደግሞ ክብደትዎ በሙሉ ትከሻዎና ዳሌዎ ላይ ስለሚያርፍ አዲሱ የትከሻ ሕመም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በጣም የሚሰምጥ ስፖንጅም የሚያመጣው ጉዳት ተቃራኒው ነው፤ ከሰውነታችን ከባዱ ክፍል መቀመጫችን ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይወርዳል፣ ሰውነትም በሁለት ጫፍ እንደታሰረ ገመድ መሐሉ ረግቦ ያድራል።

ቺፑዱን ግን አይጣሉት። ቦታው ከፍራሹ በላይ ሳይሆን ከፍራሹ በታች ነው፤ በላዩ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ያድርጉበት። ከዚሁ ጋር ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ወንበር ላይ ጎብጦና እየተንገጫገጨ የዋለን ወገብ ፍራሽ ብቻውን እንደማይክሰው ላስታውስዎት፤ ተራ በሚጠብቁበት ጊዜ ሁሉ ወርደው ጥቂት እርምጃ መሄድን ልማድ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር አካባቢ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ወገቡን ስለሚያመው ፍራሽ ልገዛለት ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሻጮቹ «ሜዲካል ፍራሽ ነው» እያሉ ከሌላው እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ይጠሩልኛል። በእርግጥ ልዩነት አለው?

መልስ፦ «ሜዲካል» የሚለው ቃል በራሱ የሚያረጋግጥልዎት ነገር የለም፤ «ኦርቶፔዲክ» የሚለውም እንደዚያው። በእነዚህ ስሞች የሚሸጡ ጥሩ ፍራሾች አሉ፤ ከተፈጨ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተጣብቀው የተሠሩና እንደ ድንጋይ የደረቁም አሉ። ስለዚህ ስሙን ትተው ሁለት ነገር ይመልከቱ።

አንደኛው የስፖንጁ እፍጋት ነው፤ ሻጮቹ ዴንሲቲ የሚሉት ማለት ነው። የሚለካው አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን በማየት ሲሆን፣ በየቀኑ አዋቂ ሰው ለሚተኛበት ፍራሽ 30 ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ። እፍጋትና ጥንካሬ ግን አንድ አይደሉም፤ እፍጋቱ የሚነግርዎት ፍራሹ ዛሬ ምን ያህል እንደሚደርቅ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ መሐሉ ይጎደጉድ እንደሆነ ነው። ሻጩ የሚነግርዎትን ቁጥር ማመን ካልፈለጉ ፍራሹን ሚዛን ላይ ያውጡት። ርዝመቱ 190፣ ስፋቱ 120፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው፤ እፍጋቱ በእርግጥ 30 ከሆነ ከነጨርቁ 14 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መመዘን አለበት። 9 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ቁጥሩ ከወረቀት አላለፈም። (ይህ የሚሠራው ወጥ ለሆነ ስፖንጅ ነው፤ ቁርጥራጩ ስፖንጅ ብዙ ስለሚመዝን ሚዛኑ ያሳስትዎታል፤ የጨርቁን ዚፕ ከፍተው ውስጡን ቢያዩ ግን በቀለሙ መዥጎርጎር ወዲያው ይለዩታል።)

ሁለተኛው ጥንካሬው ሲሆን፣ ይህን በእጅ ተጭኖ ማወቅ አይቻልም። ባለቤትዎ ራሱ ይምጣና ይተኛበት። ሰው በሚያልፍበት ሱቅ ውስጥ መጋደም ነውር እንደሚመስለን አውቃለሁ፤ ሆኖም ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ለዓመታት ከማይስማማ ፍራሽ ጋር ከመኖር አሥር ደቂቃ ማፈር ይሻላል። ፕላስቲኩ ሳይነሣ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቤት ውስጥ በለመደው አኳኋን ይጋደም። በጀርባው ሲሆን እጅዎን ከወገቡ ሥር ያስገቡ፦ ያለ ምንም ንክኪ የሚያልፍ ከሆነ ፍራሹ ደርቋል፤ ከነጭራሹ አላስገባ ካለ ሰምጧል፤ ጨርቁን እየነካካ ጠበቅ ብሎ ካለፈ ደኅና ነው። በጎኑ ሲዞር ደግሞ ከኋላው ቆመው የጀርባውን መስመር ይዩ፤ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ቀጥ ማለት አለበት። ይህን እንዲያደርጉ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ 95 ኪሎ፣ ባለቤቴ 52 ኪሎ ነን። በገዛን በሁለተኛው ዓመት ፍራሻችን በእኔ በኩል ጎደጎደ፤ እሷ ሌሊት ወደ እኔ እየተንሸራተተች ወገቧን ያማታል። በጣም ጠንካራውን ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ለእርስዎ መካከለኛ የሆነው ለእሷ ጣውላ ነው፤ አንድ ፍራሽ ሁለታችሁንም ላይስማማ ይችላል። የአልጋውን ስፋት ለሁለት አካፍላችሁ ጎን ለጎን የሚገቡ ሁለት ጠባብ ፍራሾች ብታሠሩና የእርስዎ ጠንከር፣ የእሷ ለስለስ ያለ ቢሆን፣ በላያቸው አንድ አንሶላ ሲነጠፍ መለያያቸው እንኳን አይታወቅም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አልጋውን ፈትሹ። ፍራሹን አውርዳችሁ ሦስት ሌሊት ወለል ላይ ተኙበት፤ መንሸራተቱ ከቀረ ጥፋቱ የፍራሹ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የረገበ ሽቦ ወይም የተሰነጠቀ ጣውላ ነውና አናጺ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። አዲስ ከገዛችሁም በየሁለት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት።

ጥያቄ፦ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ክፍል ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ አንጥፌ ነው የምተኛው። ጠዋት ስነሣ ወገቤ አልቃና ይለኛል፣ ከረፋድ በኋላ ግን ይተወኛል። አዲስ ፍራሽ ለመግዛት አሁን አቅሙ የለኝም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ያለ ወጪ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ አስቀድሞ ስፖንጁ ከሲሚንቶው ጋር በቀጥታ አይገናኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ የሰውነት ላብና የወለሉ እርጥበት ስፖንጁ ሥር ተጠራቅመው ሻጋታ ያመጣሉ፣ የረጠበ ስፖንጅም ቶሎ ይሞታል። ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ያንጥፉ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያቁሙት፣ በዕረፍት ቀንዎ ፀሐይ ያስመቱት። ስፖንጁ ሲተኙበት ወለሉን የሚያስነካዎት ከሆነ ብርድ ልብስ ለሁለት አጥፈው ከላዩ ይደርቡ። በጎንዎ ሲተኙ የታጠፈ ጋቢ በጉልበቶችዎ መካከል፣ በጀርባዎ ሲተኙ ደግሞ ያንኑ ጠቅልለው ከጉልበትዎ ሥር ቢያደርጉ የወገብዎ ጡንቻ ይላላል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሕመምተኞቼ ብዙዎቹ «ለምን ቀደም ብሎ አልተነገረኝም» ያሉኝ ስለ ፍራሽ ሳይሆን ስለዚህች ጋቢ ነው።

የጠዋቱን ሕመም በተመለከተ አንድ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ስንተኛ ውኃ እየሳቡ ያብጣሉ፤ ጠዋት ቁመታችን ከማታው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዲስኩ በዚያ ሰዓት ተወጥሮ ስለሚገኝ ማጎንበስ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ይጎዳዋል። የእርስዎ ጠዋት ግን ከመኝታ ተነሥቶ ወዲያው አጎንብሶ ፊት በመታጠብና የውኃ ጀሪካን በማንሣት የሚጀምር ይመስለኛል። ሲነሡ መጀመሪያ በጎንዎ ይገልበጡ፣ ጉልበትዎን አጥፈው በእጅዎ ወለሉን እየገፉ ይቀመጡ፤ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ከወገብዎ ከማጎንበስ ይቆጠቡ፣ ጀሪካኑን ማታ ያስገቡት፣ ጠዋት የግድ ከሆነም በጉልበትዎ ተንበርክከው ያንሡት። ወገብዎ እስኪፈታ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅብዎት፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎትና ከሦስት ወር በላይ የቆየ ከሆነ ግን ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት እናቴ ከቱላ መጥታ እኔ ዘንድ ናት። ወገቧን ካመማት አምስት ወር ገደማ ሆኗታል፤ ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይብስባታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ልብሷም ሰፍቷታል። ከመኝታው ነው ብዬ ጥሩ ፍራሽ ልገዛላት አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ይሻላል?

መልስ፦ የፍራሹን ገንዘብ ያቆዩትና በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ከፍራሽ የሚመጣ ሕመም ሰውን አያከሳም፣ ላብም አያጠምቅም። የቆየ የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ በአገራችን በመጀመሪያ ከምንጠረጥራቸው በሽታዎች አንዱ የአከርካሪ አጥንት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስሙ የሳንባ ይባል እንጂ በሽታው አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ ሳል የሚባል ነገር ሳይኖር ለወራት ሊቆይ ይችላል። በጊዜ ከተገኘ ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ ከዘገየ ግን አከርካሪውን አጉብጦ እግርን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። ያልፈላ ወተት ይጠጡ እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከከብት በወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ተመሳሳይ ምልክት አለው። በእርሳቸው ዕድሜ ካንሰርም መታየት ይኖርበታል። ጤና ጣቢያው ካስፈለገ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልካችኋል።

እግራቸው እየዛለ ከሄደ፣ በጭናቸው መካከል ከደነዘዛቸው፣ ወይም ሽንት አልወጣ ካላቸው አለዚያም ካመለጣቸው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

እስከዚያው ድረስ እናትዎ በሚመቻቸው አኳኋን ይተኙ። የሕመሙ ምክንያት ሳይታወቅ ግን ወገባቸውን ለማሳሸት ወጌሻ ዘንድ አይውሰዷቸው፤ የተጎዳ አጥንት በእጅ ጫና ሊሰበር ይችላል።