ማያስቴኒያ ላለባት እህትሽ፣ ከጎንደር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እህትሽ ማያስቴኒያ ግራቪስ እንዳለባት ከታወቀ ገና ወሯ ነው። ጠዋት ደህና ናት፤ ማታ ግን እንጀራ ማኘክ ያቅታታል፣ ዓይኗም ይከደናል። ቤተሰቡ «ሰነፈች» ይላታል። አንቺ ደግሞ ኑሮውን እንዴት እንደምትችለው፣ ሁዳዴንም መጾም ትችል እንደሆነ ጠየቅሽ። እኔ ማራኪ አካባቢ የምኖር አስተማሪ ነኝ። በሽታው ካለብኝ አራት ዓመት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ የኖርኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ «ሰነፈች» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በዚህ በሽታ የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ያንን ትእዛዝ የሚቀበለውን የጡንቻ ክፍል ያጠቃዋል። ስለዚህ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል፣ ሲያርፍ ደግሞ ይመለሳል። ጠዋት ስቃ ስትጫወት የነበረችው ልጅ ማታ ኩባያ ማንሳት የሚያቅታት ለዚህ ነው። እያስመሰለች አይደለም።

እኔን ያጋለጠኝ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ የያዘው እጄ ከትከሻዬ በላይ አልቆይ አለ። የምጽፈው መስመር እየወረደ፣ እየወረደ ሰሌዳው ግርጌ ደረሰ። ተማሪዎቼ ዝም ብለው ያዩኛል። በሳምንቱ የግራ ዓይኔ ቆብ ወደቀ። ቤት ውስጥ አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ ዳማከሴም ተጨምቆልኛል። አንድ ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ክኒን ሰጠኝ። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ አንዲት የዓይን ሐኪም ሳላርገበግብ ወደ ላይ እንዳይ አዘዘችኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ቆቤ ወረደ። ጓንት ውስጥ በረዶ ጨምራ ዓይኔ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘችው። ስታነሳው ዓይኔ ተከፍቷል። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ወደ ነርቭ ሐኪም የላከችኝም እሷ ናት። ከዚያ የደም ምርመራ፣ የደረት ሲቲ ስካን። ሲቲው ከደረት አጥንት ጀርባ ያለውን ታይመስ የሚባል እጢ ለማየት ነው። ለእህትሽ ካልተነሳ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሰው እጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣለታል።

አሁን ወደ ኑሮው። የእኔ ቀን የሚሄደው በክኒኔ ሰዓት ነው። የታዘዘልኝ 60 ሚሊግራም ፒሪዶስቲግሚን ነው፤ ሜስቲኖን የሚሉት። ከዋጥኩት በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ሦስት አራት ሰዓት ይይዘኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ቀምሼ እውጠዋለሁ፣ ባዶ ሆድ ላይ ሆዴን ይቆርጠኛልና። ማዕድ የምቀርበው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቼ ነው። ዋናው ምግቤ ምሳ ነው እንጂ እራት አይደለም። ማታ ሽሮ ፍትፍት ወይም አጥሚት ይበቃኛል። ቆሎ ትቻለሁ። እየበላሁ አላወራም። ይህን ቤተሰቤ ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ እኛ አገር ማዕድ ላይ ዝም ያለ ሰው የተኳረፈ ይመስላልና። ግን እያወራሁ ስውጥ ትን ይለኛል። እህትሽንም አታስወሯት፣ አታጣድፏትም። «አንዴ ጉረሺልኝ» የምትሉትም ይቅርባት።

ፀጉሯን ማታ አትሠራ። ልብስ ማጠቡም በአንድ ቀን አይሁን። ሙቀት ያባብሳል፤ መተማ ዘመድ ጋር በሄድኩ ጊዜ አንገቴ ጭንቅላቴን አልሸከም ብሎ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ዱካ ይዤ እሄዳለሁ፤ ተቀምጬ አሳልፋቸዋለሁ።

ስለ ጾሙ፣ ለነፍስ አባቴ በሽታዬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። በሰዓቴ እንድበላና መድኃኒቴን እንድወስድ ፈቀዱልኝ። የጾም ምግብ እበላለሁ፣ ሰዓቱን ግን አልጾምም። ጸበልም እጠመቃለሁ፤ ለዚያ ብዬ ክኒን አቁሜ አላውቅም። እሷም ለነፍስ አባቷና ለሐኪሟ ትንገር። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን ክኒን ከጀመረች ደግሞ ፊቴ አበጠ ብላ በራሷ እንዳታቆመው፣ አደገኛ ነው። ሌላው መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት፣ አዛታዮፕሪን፣ ከታዘዘላት ለውጡ ወራት ይፈጃል፤ ተስፋ አትቁረጥ።

ይህችን ግን አጥብቀሽ ያዢልኝ። አንድ ክሊኒክ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባል አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። በሽታዬን ተናግሬ ነበር፤ የሰማኝ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን የጠጣሁት ውሃ በአፍንጫዬ ተመለሰ። እንደ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም፣ ለወባ የሚሰጡት ክሎሮኪንና ኩዊኒን፣ ሁሉም ድካሙን ሊያከፉት ይችላሉ። እኔ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዬ ጋር ይዣለሁ። መርፌም ሆነ ክኒን ከመቀበሌ በፊት ወረቀቱን አሳያለሁ፣ ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን። ለእህትሽ ዛሬ ጻፊላት።

ምራቋን መዋጥ ካቃታት፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ሳል ጉልበት ካጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሲይዝ በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። እኛ ቤት አንዲት ልማድ አለች። ማታ ማታ ባለቤቴ «በይ ቁጠሪ» ይለኛል። አየር በደንብ ስቤ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ከ20 በታች ከወረድኩ ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሌላው ምልክት ካለም እንሄዳለን። ትናንት 38 ደረስኩ። የእህትሽን ዛሬ ማታ ቁጠሩና ጻፉት፣ ነገም እንደዚያው።