የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ 16፣ 28 እና ፎር ቴን ይዞ የብረት ጥይት መተኮስ ይቻላል ወይ?

ሰሞኑን ከደረሱን የአደን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ጌጅ የሾትገን አፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል፣ ፎር ቴን የሚባለው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ጠባቡ ነው። 12 ጌጅ ወይም 20 ጌጅ ሾትገን ያለው ሰው ሱቅ ገብቶ የብረት ጥይቱን፣ ማለትም በእርሳስ ፈንታ የብረት ፍሬ የያዘውን፣ ገዝቶ ይወጣል፣ ሌላ ጌጅ የያዘው ግን ባዶ መደርደሪያ ነው የሚጠብቀው። አራቱን ጥያቄዎች እነሆ።

ከሚኒሶታ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ የድሮ 16 ጌጅ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሰጠኝ፣ በጣም ቆንጆ ነገር ነው። ባለቤቴ ዳክዬ ቤቴ አይገባም ስላለች የማድነው ፌዘንት ብቻ ነው፣ እሱ እንደኛ አገር ቆቅ ስለሆነ ችግር የለውም። የ16 የብረት ጥይት ግን የትም አጣሁ፣ የእርሳሱ አለ። ፌዘንት ዳክዬ ስላልሆነ በእርሳስ ብተኩስስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የት ነው የምታድነው የሚለው ይለይ። በአሜሪካ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ፍሬ ማደን ከ1991 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ክልክል ነው፣ ያንን ታውቃለህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አንተ አገር በብዛት ያለው ዋተርፎውል ፕሮዳክሽን ኤሪያ የሚባለው የፌዴራል መሬት ላይ ፌዘንትም ብታድን መርዛማ ያልሆነ ፍሬ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ እና መተኮሱ ብቻ አይደለም፣ ኪስህ ውስጥ የእርሳስ ጥይት ይዘህ መገኘትህ ራሱ ያስቀጣል። የግል መሬት ላይ ፌዘንት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከቤት ስትወጣ ኪሶችህን በሙሉ ፈትሽ፣ ካለፈው ሳምንት የቀረች አንዲት ፍሬ የእርሳስ ጥይት ጣጣ ታመጣብሃለች።

አሁን ወደ ጠመንጃው። 16 ጌጅ ለምን ተረሳ ካልክ፣ ስኪት የሚባለው የሚበር ዒላማ ተኩስ ውድድር የሚደረገው በ12፣ በ20፣ በ28 እና በፎር ቴን ነው፣ 16 እዚያ ቦታ አልነበረውም፣ ከዛ 1950ዎቹ ውስጥ ባለ 3 ኢንች 20 ጌጅ መጣና ሥራውን ወሰደበት፣ የእርሳስ እገዳው ሲጨመር ደግሞ ጥይት ፋብሪካዎች ለ16 የብረት ጥይት ለመሥራት አልቸኮሉም። ቢሆንም የለም ማለት አይደለም። ፌዴራል የሚባለው ጥይት ፋብሪካ ስፒድ ሾክ በሚለው መስመሩ 16 ጌጅ ሠርቷል፣ ቀለሃው 2 ኢንች ከ3/4፣ የፍሬው ክብደት 15/16 አውንስ ማለትም 26 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ኬንት የሚባለው ፋብሪካም ይሠራል። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ የሚቆዩ አይደሉም፣ በዓመት በተወሰነ ጊዜ ይመረቱና ያልቃሉ፣ ስለዚህ አደኑ ሲከፈት ሳይሆን በበጋው ፈልገህ ካርቶን ሙሉ ግዛ።

ከመግዛትህ በፊት ግን እባክህ ጠመንጃህን ጋንስሚዝ፣ ማለትም ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ዘንድ ውሰደው፣ እዚህ ጋር ነው ሰው የሚቸኩለው። ሁለት ነገር ይለካልህ። አንዱ ጥይት የሚገባበት ቤት ርዝመት ነው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ 16 ጌጆች ቤታቸው 2 ኢንች ከ9/16 ነው፣ የዛሬው ጥይት ደግሞ 2 ኢንች ከ3/4 ነው፣ እና አደገኛው ነገር ረጅሙ ጥይት አጭሩ ቤት ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፣ ምክንያቱም ቀለሃው ላይ የተጻፈው ርዝመት ተተኩሶ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው፣ ሲተኮስ አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ገባ ማለት ሆነ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ቾኩ ነው፣ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ጥበት ማለት ነው። የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ ብዙ ጊዜ አንዱ ሞዲፋይድ የሚባለው መካከለኛ፣ ሌላው ፉል የሚባለው ጠባብ ቾክ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በጠባቡ አፍ ሲያልፍ ይጨመቃል፣ ብረት አይጨመቅም፣ አፈሙዙ ነው የሚሰፋው፣ ቾኩ ያለበት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ያብጣል። ስለዚህ ብረት ለሞዲፋይድ ወይም ከዛ ለሰፋ አፈሙዝ ብቻ ነው። የአፈሙዙ ብረት ላይ እንደ እንጨት ጅማት ያለ የተጠማዘዘ መስመር የሚታይበት ዳማስከስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብረት ጨርሶ አይታሰብ።

የኔ ምክር፣ ጠመንጃው እንዳልከው ቆንጆና አሮጌ ከሆነ ብረቱን ተወውና ቢስመዝ ከሚባለው መርዛማ ካልሆነ ማዕድን የተሠራ ፍሬ ያለውን ግዛ። ቢስመዝ ለስላሳ ነው፣ አፈሙዝ አይጎዳም፣ ከብረትም ይከብዳል፣ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.8 ግራም ገደማ፣ ቢስመዝ 9.6 ገደማ፣ እርሳስ 11 ገደማ ነው። ለ16 የሚሆን ቢስመዝ ቦስና ኬንት ይሠራሉ። ዋጋው ከብረት በብዙ ይበልጣል፣ አውቃለሁ፣ ግን ፌዘንት አደን በቀን ስንት ጥይት ይተኮሳል? የቤቱ ርዝመት ጉዳይ ለቢስመዝም ያው ነው፣ እሱ አይቀርም።

ከፍራንክፈርት፦ ዕድሜዬ ስልሳ አልፏል፣ ከባለቤቴ አባት የወረስኩት 16/65 የሚል የተጻፈበት ጠመንጃ አለኝ። ሰዎች የአበባ ምልክት ከሌለው ብረት እንዳትተኩስበት ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። አበባው የሊሊ ምልክት ነው፣ ጠመንጃው ሃይ ፐርፎርማንስ ለሚባለው ከፍተኛ ግፊት ያለው የብረት ጥይት ተፈትሾ አለፈ ማለት ነው። የእርስዎ ያ ምልክት ከሌለው ሃይ ፐርፎርማንስ አይነኩም፣ ስታንዳርድ ስቲል የሚለውን መደበኛ ግፊት ያለውን የብረት ጥይት ግን መተኮስ ይቻላል፣ ጠመንጃው በደህና ሁኔታ ላይ ካለ፣ ቾኩ ጠባብ ካልሆነና ጥይቱ ለ65 ሚሊሜትር ቤት የተሠራ ከሆነ። 70 የሚለውን እንዳይገዙ፣ ለሚኒሶታው ወንድማችን ያልኩት አደጋ እርስዎም ላይ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 ጀምሮ ረግረግ መሬት ላይና ከዚያ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ የእርሳስ ፍሬ መተኮስ ስለተከለከለ ጉዳዩ ለሐይቅ ዳር አዳኝ ብቻ አይደለም፣ ማሳ መሃል ያለ ረግረግም ይቆጠራል። ጠመንጃውን በሹስአምት የሚባለው መፈተሻ ቢሮ ይውሰዱት፣ በኡልምና በሱል አለ፣ እነሱ ያዩታል።

ከኮሎራዶ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ አባቱ ዳክዬ አደን ሊያስጀምረው ነው። ረገጣው ቀላል ነው ብሎ ፎር ቴን ሊገዛለት ፈልጓል። የብረት ጥይት አለው ወይ? እኔ ልጁ ትከሻው እንዳይጎዳ ነው የምፈራው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥይቱ አለ፣ ዊንቸስተርም ፌዴራልም ባለ 3 ኢንች ፎር ቴን በብረት ይሠራሉ። ግን እባክሽ ለልጁ አትግዙለት። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው ብረት ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ብረቱ አፈሙዙን እንዳይፍቅ ወፍራም የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ እሱም ቦታ ይወስዳል። በትልቅ ቀለሃ ይሄ ይቻላል፣ ፎር ቴን ግን አፈሙዙ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከጣት አይበልጥም፣ ስለዚህ የሚገባው 3/8 አውንስ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ቁጥር 6 ከሆነ 118 ፍሬ አካባቢ (ይሄ ቁጥር የፍሬው መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል)። ባለ 3 ኢንች 12 ጌጅ 1 አውንስ ከ1/4 ቁጥር 2 ሲይዝ 156 የሚሆን ፍሬ አለው፣ እያንዳንዷ ፍሬም ከቁጥር 6 ሁለት እጥፍ በላይ ትከብዳለች። ልዩነቱን ተመልከቺ። ቁጥር 6 ብረት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ነው ጉልበቱ የሚያልቀው፣ በኔ አስተያየት ፎር ቴን በብረት ለዳክዬ ከ20 ሜትር አካባቢ በላይ መተኮስ የለበትም፣ ያውም በጣም በለመደ ሰው እጅ። ርቀት መገመት ገና ያልተማረ ልጅ 35 ሜትር ላይ ይተኩሳል፣ ዳክዬዋ ቆስላ ትሄዳለች፣ ሸምበቆ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፣ ልጁም አልቻልኩም ብሎ ያዝናል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ፎር ቴን የልጅ ጠመንጃ ነው የሚለው ወሬ ስንት ወፍ በከንቱ አቁስሏል።

20 ጌጅ ግዙለት፣ ሰደፉ ለልጅ ክንድ ያጠረውን፣ የሚቻል ከሆነ ጋዝ ኦፕሬትድ የሚባለውን፣ ረገጣውን ራሱ ይቀንሰዋል። 2 ኢንች ከ3/4 ቀለሃ ውስጥ 3/4 አውንስ ብረት የያዘ ቀላል ጥይት አለ፣ ያ ትከሻ አይጎዳም፣ ከፎር ቴኑም እጥፍ ፍሬ አለው። ከ25 ሜትር አታልፍ በሉት። ቤት ውስጥ አባትየው 12 ጌጅ ካለው ደግሞ ጥይቶቹን በፍጹም አንድ ኪስ ወይም አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ፣ የ20 ጥይት በ12 አፈሙዝ ገብቶ መሃል ላይ ይቀረቀራል፣ ከኋላው 12 ከተጨመረና ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ቀለሃ ቢጫ የሚደረገው ለዚሁ ነው። ፎር ቴን በጣም ከወደዳችሁት ለተርኪ ይሁን፣ ተንግስተን ቲኤስኤስ የሚባለው ፍሬ 18 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ከእርሳስም በብዙ ይከብዳል፣ ቁጥር 9 የምታክል ትንሽ ፍሬ እንኳን ቆሞ ላለ ተርኪ ትበቃለች። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ከቨርጂኒያ፦ 28 ጌጅ አለኝ፣ በጣም የምወደው። ሻጩ ብረት ዝም ብሎ ያቆስላል፣ እገዳው የመንግሥት ነገር ነው አለኝ። እናንተስ? ደግሞ የትኛውን ቁጥር ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩ የድሮውን ነው የሚያወራው። 1970ዎቹና 80ዎቹ ውስጥ የነበረው የብረት ጥይት በእውነት ደካማ ነበር፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ፍሬው ይዝጋል። ዛሬ ያ ተለውጧል። እገዳው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፣ ዳክዬ ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር ትውጣለች፣ ሐይቅ ሥር የወደቀ የእርሳስ ፍሬ ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ይፈጭና ደሟ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ ብላ ነው የምትሞተው፣ ታማ የወደቀችውን የበላ ባልድ ኢግል የሚባለው ንስርም ይመረዛል። በ2000 የወጣ ጥናት እገዳው በ1997 ብቻ 1.4 ሚሊዮን ዳክዬ ከመመረዝ ሞት ሳያድን አልቀረም ብሎ ገምቷል። ይሄን እያወቅኩ የመንግሥት ነገር ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።

ለ28ህ 2 ኢንች ከ3/4 በ5/8 አውንስ ቁጥር 6 ብረት ይገኛል፣ ወደ 197 ፍሬ ነው፣ ለትናንሽ ዳክዬ እስከ 25 ሜትር ጥሩ ይሠራል። ከእርሳስ ወደ ብረት ስትዞር በሁለት ቁጥር ወደሚተልቅ ፍሬ ሂድ የሚባለው ደንብ አለ፣ በእርሳስ 6 ትተኩስ ከነበረ በብረት 4 ማለት ነው፣ ግን 28 ላይ ብዙ መሄድ አትችልም፣ ፍሬው ሲተልቅ ብዛቱ በጣም ያንስና መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ወረቀት ላይ 25 ሜትር ላይ ተኩሰህ እየው። ብረት ቅርጹ ስለማይበላሽ ከእርሳስ ይልቅ ተሰብስቦ ነው የሚሄድ፣ ስለዚህ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር የሚባለው ሰፋ ያለ ቾክ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አዲስ ባለ 3 ኢንች 28 ከሆነ ያለህ ጥቂት ይጨምርልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥጋው ውስጥ የቀረ ብረት ጥርስ ይሰብራል፣ እንደ እርሳስ አይለሰልስም። ከመሠራቱ በፊት ጠንካራ ማግኔት በሥጋው ላይ ቀስ ብለህ አሳልፍ፣ ፍሬው ካለ ይስበዋል። ለቢስመዝ ግን ማግኔት አይሠራም፣ እሱን በጣት መፈለግ ነው።